ሽርሽር ነው ይላል ወረቀቱ

ሰኞ፣ ጥር 4

"ብቻሽን?" አለኝ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ። ብቻዬን አይደለሁም፣ ከትዕግሥት ጋር ነው አልኩት። "እሷስ ሴት አይደለችም እንዴ?" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔና ትዕግሥት ተደምረን አንድ ሰው አልሞላንም ማለት ነው።

ዕድሜዬ አርባ ሦስት ነው። እዚሁ ደሴ ፒያሳ፣ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ለሰው መድኃኒት ስሰጥ ጎልማሳ ሆንኩ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ትዕግሥት ፊት ለፊታችን ያለው ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። እሷም አላየችም። ዘንድሮ ዛንዚባር እንሂድ ተባባልን። ገንዘቡን እያጠራቀምን ነው፣ እሱ አላስጨነቀንም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ሳላጣራ ምንም አልከፍልም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ያቺን ቀጭን ወረቀት እስከ መጨረሻው የማነብ ሰው ነኝ።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፦

ባሕሩ ሰው ይስባል ወይ? (ሁለታችንም ዋና አንችልም።)
ወባው በየትኛው ወር ይብሳል?
ሐኪም ቤት ከማደሪያችን ሩቅ ነው?
ስንደርስ ማን ይቀበለናል?
ሁለት ሴቶች እራት በልተው በእግራቸው ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ?

አዲስ አበባ ላለው የጉዞ ወኪል ደወልኩ። ወባውን ጠየቅሁት። "እህቴ፣ ገነት ነው!" አለኝ። ስለ ሐኪም ቤቱስ? "ገነት ነው አልኩሽ እኮ።" ገነትማ ሰው ሞቶ ነው የሚገባባት። ዘጋሁበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው። ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም፣ የሥራ ባልደረባውም የሚጠይቀው ስለኔ ነው። ማንን አስፈቀድሽ፣ ማን ይዞሽ ይሄዳል፣ ሰው ምን ይላል። ስለ አገሩ አንድም የጠየቀኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ምሳ ሰዓት ላይ ትዕግሥት ስልኳን ይዛ መጣች። የውጭ መንግሥታት ለዜጎቻቸው "እዚህ ሂዱ፣ እዚያ አትሂዱ" የሚሉበት ገጽ አለ። ደሴቲቱን ስንፈልግ ቆይተን፣ እስቲ የኛን አገር እንየው አለች። ካርታው ወጣ። የኛ አካባቢ በሙሉ ቀይ።

"ደሴም?" አልኳት።

"ደሴም፣ ኮምቦልቻም።"

ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ። ባጃጁ ከሚኒባሱ ጋር ይጣላል፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ይሯሯጣል፣ እኛ ሽሮ እየበላን ነው። ደሜ ፈላ። አንዲት ቃል ሳይጠይቁን! ትዕግሥት ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። በጦርነቱ ጊዜ መድኃኒቱን በማዳበሪያ ጠቅልለን በየቤቱ የደበቅነውን አስታወሰች መሰለኝ፣ እኔም አስታወስኩ። ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም። ቢሆንም ተናደድኩ። ሰው የሚኖርበትን ቦታ ቀይ ቀብተው ሲያበቁ፣ የሚኖረው ሰው ምን ያድርግ የሚል አንድ መስመር የላቸውም።

ትንሽ ድል፦ ዛንዚባር ያለች የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ አሻ የምትባል፣ ለጻፍኩላት ጥያቄ በድምፅ መልእክት መለሰችልኝ። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፣ ለእንግሊዝኛዬ አዝና መሰለኝ። ባሕሩ በየቀኑ ከዳር ይሸሻል፣ ሲሸሽ አትከተሉት፣ ሲመለስ ቀልድ አያውቅም አለች። አጎበር አለ፣ ግን የራሳችሁን ቅባት ያዙ። የሷ ማረፊያ ከከተማ ራቅ ያለ ነው። "ሐኪም ቤት የሚያሳስባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ከተማ ውስጥ እደሩ፣ እኔ ጋ ለሁለት ቀን ብትመጡ ይበቃል" አለች። ደንበኛዋን ወደ ሌላ ቤት የምትልክ ነጋዴ! አመንኳት።

ማታ ወንድሜ ከቆላው፣ ከሐርቡ ደወለ። ጋሼ ሙሀመድ ነው፣ ታላቄ፣ ገበሬ ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "የሰማሁት እውነት ነው?" አለኝ። ነገ ከአጎታችን ከሸህ እንድሪስ ጋር ይመጣሉ። ሊመክሩኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 6



መጡ። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ አጎቴን ብርድ መቷቸዋል፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ዱዓ አደረጉ፣ ምሳ በሉ። ከዚያ ጋሼ ጀመረ።

"ማን ይቀበልሻል?"

አሻን ነገርኩት። ፎቶዋን አሳየሁት፣ ድምፅዋን አሰማሁት።

"የት ታድሪያለሽ?"

የማደሪያውን ስም ነገርኩት፣ አሻ እንደመከረችን ከተማው ውስጥ ነው፣ ስልኩ ይኸውልህ።

"ብትታመሚስ?"

ሐኪም ቤቱ በእግር የሚደረስ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት እንወጋለን፣ የወባውንም መድኃኒት ይዘን እንሄዳለን። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ሰዎቹ ይሰግዳሉ?" አሉ።

"ይሰግዳሉ፣ አጎቴ። አዛኑ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል ብላኛለች።"

"እንግዲህ ልጅቱ አጣርታለች፣ ሙሀመድ" አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጋሼ ግን ፊቱ አልተፈታም። ሊሄዱ ሲነሡ፣ ጫማውን እያሰረ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ቅዳሜ ውረጂ። ሐያትን እንሸኛለን፣ እሁድ በረራ ናት" አለኝ።

ሐያት ልጁ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ማለፊያ ሳይመጣላት ቀርቶ ቤት ተቀምጣለች።

"ወዴት?" አልኩት።

"ዓረብ አገር።"

"የትኛው ዓረብ አገር?"

አጎቴን አያቸው። እሳቸውም አያውቁም። "ዱባይ መሰለኝ... ወይ ኦማን። ደላላው ያውቃል።"

ተቀመጥኩ። ከዚያ የራሱን ጥያቄዎች እኔ ጠየቅሁት።

"ማን ይቀበላታል?"

"ሰው ይቀበላታላ።"

"ማን የሚባል?"

"የደላላው ሰው ነዋ።"

"የት ታድራለች?"

"አሠሪዎቿ ቤት።"

"ስማቸው ማን ነው? ስንት ቤተሰብ ናቸው? ስልካቸው አለህ?"

ወደ ጫማው ክር አቀረቀረ።

"ብትታመምስ ጋሼ?"

"አላህ ያውቃል።"

"ለኔስ አላህ አያውቅም ነበር?" ብዬ ጮኽኩ። ወላሂ ጮኽኩ። አጎቴ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። "አብሽሪ፣ አብሽሪ" አሉኝ እሳቸው፣ በእጃቸው ተቀመጪ እያሉ። ቆሜ ነበር ለካ።

"በምን ቪዛ ነው የምትሄደው?"

"በጉብኝት" አለ ጋሼ፣ መሬት መሬት እያየ። "ለሽርሽር ነው ይላል ወረቀቱ።"

ሽርሽር! የኔን ሽርሽር ሊከለክል ከሐርቡ ድረስ የመጣ ሰው! ለአርባ ሦስት ዓመቷ ሴት ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁን ስሙን ለማያውቀው አገር ያስረክባል። እኔ ለመዝናናት ስለምሄድ ነውር ነው። እሷ ለሰው ቤት ጉልበቷን ልትሰጥ ስለሆነ ወግ ነው፣ ሽኝት አለው፣ በግ ይታረዳል።

ተቀይመው ሄዱ። ሻይ እንኳ አልጠጡም።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ለሐያት ደወልኩ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አላለቀሰችም፣ ተቆጣችኝ።

"አክስቴ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። ማንም አላስገደደኝም። እዚህ ሰፈር ቆርቆሮ ለብሶ የምታዪው ቤት ሁሉ ሴት ልጅ ዓረብ አገር ሆና ያሠራችው ነው። ከክፍሌ ልጆች የቀረነው ጥቂት ነን።"

"አትሂጂ አላልኩም። ጠይቂ ነው የምልሽ።"

"አንቺ ሽርሽርሽን ጨርሰሽ የምትመለሺበት ሥራ አለሽ። እኔ ብቀር ምን ላይ ነው የምቀረው? እስቲ ንገሪኝ።"

ጥያቄዋን እንኳን ልጽፈው፣ ሳስበውም ያቃጥለኛል። የተማረችውን ልጅ ሥራ የለም ብሎ ያስቀመጣት ማን ነው? እሱን የምጮኽበት ሰው ባገኝ።

በመጨረሻ "ብትታመሚ ማን ጋ እንደምትደውዪ ብቻ ደላላውን ጠይቂው። ሌላው ይቅር" አልኳት። "ይቆጣል" አለችኝ። ይቆጣ አልኳት። ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ላከች፦ "ነገ ከጁምዓ በኋላ ከአባዬ ጋር ኮምቦልቻ ደላላው ጋ እንሄዳለን። ከፈለግሽ ነይ።"

የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ለነገ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁት። "ሽርሽሩ ከአሁኑ ተጀመረ?" አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ሲሉት ነው የሚጨንቀው። ፈቀደ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ከደሴ በሹራብ ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ በላብ ተጠመቅሁ። የደላላው ቢሮ ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ናት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው ላይ አዲስ ሻንጣ እግሮቿ መሃል አድርጋ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። መሪማ ትባላለች፣ የሐያት የክፍል ጓደኛ ናት።

ሰውዬው ጫማው ያብረቀርቃል። "እንኳን ደኅና መጡ እታለም፣ ይቀመጡ" አለኝ። አገሩን ጠየቅሁት።

"ኦማን ነው። ካልሆነም ጎረቤቱ። እንደ ቪዛው አመጣጥ ነው፣ አይጨነቁ።"

"ቪዛው የጉብኝት ነው አሉ። ለጉብኝት የሄደ ሰው ሥራ ይሠራል?"

"ወረቀቱ ነው እንዲያ የሚለው። ሁሉም የሚሄደው እንዲያ ነው።"

"የሚያሠሯትስ ሰዎች?"

"ሲደርሱ ነው የሚመደቡት። አንቺ ደግሞ ብዙ ታጠያይቂያለሽ።" እርስዎነቴ እዚያ ላይ አበቃ።

ያኔ ሐያት ተናገረች። ቀስ ብላ፣ ጣቶቿን እየቆጠረች ነበር መሰለኝ። "ብታመም ማን ጋ ነው የምደውለው?"

"አትታመሚም፣ ወጣት አይደለሽ?"

"ብታመምስ?"

"ስልክ አሠሪዎችሽ ይይዙልሻል። እነሱ ይደውሉልኛል።"

"እነሱ ቢመቱኝስ?"

ሳቀ። ወደ አባቷ ዞሮ እንደ ምክር አድርጎ ነው የተናገረው። "አባባ፣ ልጅዎን ይምከሩ። ብዙ የምትጠይቅ ልጅ አሠሪ አይወዳትም። እዚያ ጥሩ ልጅ ማለት አፏን የዘጋች ናት።"

ሐያትን አየኋት። ከጆሮዋ ጀምሮ ቀላች። "ፓስፖርቴን ስጠኝ" አለችው።

"ተጀምሮማ አይቆምም። ፓስፖርቱም አዲስ አበባ ነው።"

"መሳቢያው ውስጥ ነው" አለች መሪማ ከአግዳሚው። ድምፅዋ የሚሰማ አልነበረም፣ ግን ሁላችንም ሰማናት። "ጧት የኔን ሲያስገባ የሷን አይቼዋለሁ።"

ሰውዬው ተነሣ፣ መሳቢያውን ቆለፈ፣ ልዘጋ ነው ብሎ አስወጣን። መሪማን ግን አላስወጣትም። በመስኮቱ በኩል ጣቱን እየወዘወዘባት ሲያናግራት አየሁ።

በቀጥታ አቤት ይባልበታል ወዳሉኝ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ወጣት ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ነው። ልጅቷ እሁድ በረራ ናት ብዬ አስረዳሁት። "ሰኞ ኑ" አለኝ። ሰኞ ጥምቀት ነው አልኩት። "እንግዲያው ማክሰኞ።" ማክሰኞ! ጋሼ ሲጠብቀኝ ደጅ ቆሟል። እሱም ሐያትን ይዞ ወደ ሐርቡ መኪና ወጣ። እኔ በግንባሬ ግድግዳ ልመታ ምንም አልቀረኝም። በመንገዱ ሁሉ ለራሴ ስናገር ሰው እያየኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ሐያት በጧት ደወለችልኝ። "አባዬ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወጥቶ ሄደ። ወዴት እንደሆነ አልነገረንም።" ገባኝ። መድኃኒት ቤቱን ለረዳቴ ትቼ ወረድኩ። ባለቤቱ የሚለኝን ይበል።

ስልክ ጠጋኙ ሱቅ በር ላይ ጋሼ ተቀምጧል። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። አይጮኽም፣ አይሳደብም። ሴት ልጁን ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያይ ብቻ እጁን ያነሣና፣

"አሰላሙ አለይኩም። ሳትገቡ አንዴ ስሙኝ። አገሩን ጠይቁት" ይላል። "የኔን ልጅ ሊወስዳት ነበር። አገሯን እኔ አባቷ አላውቀውም። ይኸው ፊቴን እዩት።"

አንዱ አባት ሰማውና ልጁን ይዞ ተመለሰ። አንዲት እናት ሰድባው ገባች። ሌሎቹ ደጅ ቆመው መከራከር ጀመሩ። ሰው ተሰበሰበ። ሐያትም ደርሳ ነበር፣ ከአባቷ ጀርባ ቆመች።

ሰውዬው ወጣ። "አባባ፣ ይነሡ። ሥራዬን አያበላሹ።"

"ፓስፖርት" አለ ጋሼ።

"ፖሊስ እጠራለሁ።"

"ጥራ" አልኩት እኔ። አልጠራም።

በመጨረሻ የፈታው ስልክ ጠጋኙ ነው። ቢሮዋን ያከራየው እሱ ነው ለካ። ደንበኛ በሕዝቡ መሃል አልፎ ሊገባለት አልቻለም። ደላላውን እጁን ይዞ "ስጠውና ይሂድልን። አለዚያ ቁልፌን መልስ" አለው። የዙሁር ሰላት ሊደርስ ሲል ፓስፖርቱ ወጣ። ደላላው ግን ለጋሼ በእጁ አልሰጠውም፣ መሬት ላይ ወረወረው።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ አነሣው። በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠረገ። ኪሱ ይከተዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ለሐያት ሰጣት። "ያንቺ ነው" አላት።

መሪማን ፈለግኋት። አግዳሚው ባዶ ነው። ደላላው ትናንት ማታ ወደ ቤቷ ልኳታል አሉ፣ ሰኞ ጧት ነው የምትሄደው።

ሐያት ከኔ ጋር ትቆይ ተባለ። መናኸሪያ ሊሸኘን መጣ ጋሼ። መኪናው እስኪሞላ ጎኔ ተቀምጦ "ኦማን የት ነው?" አለኝ። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አየው። ጣቱን አስጠግቶ ወደ ኋላ መለሰው፣ እንዳይነካው የፈራ ይመስል።

"ባሕር አላት" አለ።

እሁድ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ሐያት አረፋፍዳ ነው የተነሣችው። አላመሰገነችኝም፣ እንድታመሰግነኝም አልፈልግም። ቁርሷን በልታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ዛሬ አውሮፕላን ላይ የምትሆንበት ቀን ነበር። ታቦቱ ሲወርድ ዝማሬው እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። ትዕግሥት ነጭ ለብሳ ሸኝታ ስትመለስ ጎራ አለች።

የዛንዚባርን ጉዞ አስያዝነው። ለሰኔ፣ የእነሱ ዝናብ ሲያበቃ። ማስያዙ ሲያልቅ እስክስታ እመታለሁ ብዬ ነበር። ትዕግሥት አቀፈችኝ፣ እኔም አቀፍኳት፣ ደስ ብሎኛል። ግን አጠገቤ መስኮት መስኮት የምታይ ልጅ ተቀምጣ እንዴት ብዬ ልጩኽ። ደግሞ ይህም አናደደኝ። ደስታዬን እንኳ በሙሉ አልሰጡኝም።

ትዕግሥት ከሄደች በኋላ ሐያት ተናገረች። "አክስቴ፣ አልሄድም አላልኩም።"

"ገብቶኛል።"

"በሕጉ በኩል የሚሄዱም አሉ። ውል ተፈራርመው፣ የአሠሪውን ስም አውቀው። እሱን ነው የማጣራው። እስከዚያ ግን ሥራ ፈልጊልኝ። ማንኛውም ሥራ። ሰው ቤት ቁጭ ብዬ አልበላም፣ ያንቺም ቢሆን።"

እፈልጋለሁ አልኳት። የት እንደምፈልግ ግን አላውቅም። ማክሰኞ ከመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እጀምራለሁ፣ የሚሳለቅብኝን ተሳልቆ ከጨረሰ በኋላ።

ከዚያ ስልኬን ተቀበለችኝና የመሪማ እናት ጋ ደወለች። ሰላም ብላ ገና ሦስት ቃል ሳትጨርስ ሴትዮዋ "የልጄን እድል አትዝጊ፣ ያንቺ እድል ተዘግቷል" ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። መልሳ ደወለች። አይነሣም። የመሪማ የራሷ ስልክ ዝግ ነው። መልእክት ጻፈች፣ አጥፍታ እንደገና ጻፈች። ምን እንዳለች አላሳየችኝም።

መሸ። እራት አቀረብኩ፣ አልነካችም። እኔም ልቆጣት ብዬ ተውኩት።

አሁን ስልኩ ጮኸ። መሪማ ናት። ሐያት ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች። ምን እንደሚባባሉ አይሰማኝም። ወጡ ቀዝቅዟል፣ መልሼ ማሞቅ አለብኝ። እስካሁን እያወሩ ነው።